ታርጋ ነው ያልነው ጅራት

አንድ ሰው መሰላል ላይ ወጥቷል። መሰላሉ ረጅም ነው፤ ከታች ሦስት ሰዎች ይዘውለታል። በእጁ የብሎን ቁልፍ ይዟል፣ በጥርሱ ጨርቅ ነክሷል። ሌባ እንዳይመስላችሁ፤ ሌባ በጠራራ ፀሐይ መሰላል ያዙልኝ አይልም። ይህ ሰው የወጣው ለእግዚአብሔር ቤት ሊሠራ ነው። አንድ ብሎን ፈታ። ሁለተኛውን ፈታ። ሦስተኛው ዝጎ አስቸገረውና መዝሙር እያንጎራጎረ ታገለው። አራተኛውንም ፈታ።

በዚያች ቀን አንድ መንደር ውኃ አጣ።

ሰውየው አላወቀም። መሰላሉን የያዙትም አላወቁም። እንዲያውም ሲወርድ አጨበጨቡለት! እስቲ ዛሬ ይህን ሰው ተከተሉልኝ። ታሪኩ ያስቃችኋል፤ ሳቁ፣ አልከለክላችሁም። ግን አንድ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ ሳቁ።

ሰውየው ጋሽ ኤርዶሎ ይባላል። መንደሩ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ ስሙን ብነግራችሁ አታውቁትም። ክረምት ጎርፍ ነው፣ በጋ አቧራ ነው። የዚያ አገር ሀብት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ነፋስ! ኧረ ነፋስ ስላችሁ! ኮፍያ አድርጋችሁ ብትሄዱ ኮፍያችሁ ከእናንተ ቀድሞ ይደርሳል። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ጠዋት ከምሥራቅ ይነሣል፣ እስከ ማታ ሲያፏጭ ይውላል።

በዚህ ነፋስ መካከል አንድ የብረት ማማ ቆሟል። ጫፉ ላይ ዙሪያውን የብረት ቅጠል የተሰካበት ትልቅ መንኮራኩር አለ። ከብዙ ዘመን በፊት ሚሲዮኖች የተከሉት ነው። ሰዉ ሁሉ «ወፍጮው» ይለዋል። እህል ግን አይፈጭም። ነፋሱ መንኮራኩሩን ያዞረዋል፣ መንኮራኩሩ ረጅም ብረት ወደ ላይ ወደ ታች ይመታል፣ ብረቱ ከጉድጓዱ ውኃ ይስባል። ይኸው ነው! ናፍጣ አይጠጣም። ፀሐይ ወጣች ገባች አይልም። ነፋስ ይበላል፣ ውኃ ይሰጣል። ከሥሩ ገንዳ አለ፤ በገንዳው ዙሪያ ሰው፣ ከብት፣ አህያ፣ ወሬ፣ ሁሉም አለ። መንደሩ መንደር የሆነው በዚያ ገንዳ ነው።

ሚሲዮኖቹ ሲሄዱ ወፍጮውን አደራ የተቀበለው ጋሽ ኤርዶሎ ነው። በየዓመቱ ዘይቱን ይቀይራል። ክረምት ሲገባ፣ ኩሬው ሁሉ ሲሞላ፣ ፍሬኑን ይይዝና ወፍጮውን ያሳርፈዋል። ጥቅምት ሲመጣ ይለቀዋል። ከሚስቱ ከአየለች ቀጥሎ በዓለም ላይ የሚወደው ነገር ያ ወፍጮ ነበር። አየለች ግን «ቅደም ተከተሉን አላምንም» ትል ነበር።

አንድ ዓመት፣ ሰኔ ላይ፣ ወፍጮው ፍሬን ተይዞ ባረፈበት ሰሞን፣ ከባድ ወጨፎ መጣና የቤተ ክርስቲያኑን ጣራ ገነጠለ። ብዙውን አይደለም። አንድ ሰፊ ቀዳዳ ብቻ። የት ላይ? ልክ ከመድረኩ በላይ! ዝናቡ ምእመናኑን ሁሉ ትቶ ወንጌላዊውን ለይቶ ይመታ ጀመር። ወጣት ወንጌላዊ ነው፣ ገና መመደቡ ነው። እየሰበከ ይርሳል፣ እየራሰ ይሰብካል። ሁለት እሑድ እንዲህ ሆነ። ቆርቆሮ ከከተማ እንዳይመጣ መንገዱን ጎርፍ ቆርጦታል።

ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ሰብሳቢው አቶ ሎምባሞ በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ፣ «ያ ታርጋ ምን ይሠራል?» አሉ።

ታርጋው ምን መሰላችሁ? ከወፍጮው መንኮራኩር በስተጀርባ አንድ ረጅም ብረት ወጥቷል፤ ከብረቱ ጫፍ ላይ ሰፊ ጠፍጣፋ ቆርቆሮ ታስሯል። በቆርቆሮው ላይ የሚሲዮኑ ስም በነጭ ቀለም በትልቁ ተጽፏል። ጽሑፍ ያለበት ቆርቆሮ፣ ከኋላ የተለጠፈ፤ ታዲያ ታርጋ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? በዚያ መንደር ልጅ አዋቂው «ታርጋው» ነበር የሚለው።

ጋሽ ኤርዶሎ ትንሽ አቅማማ። «ከወፍጮው ጋር አብሮ የመጣ ነገር ነው እኮ» አለ።

አቶ ሎምባሞ ጠየቁት፦ «ውኃ ይስባል?»

«አይ፣ እሱስ አይስብም።»

«ይዞራል?»

«አይዞርም።»

«መኪና ታርጋው ቢወድቅ መሄዱን ይተዋል?»

«አይተውም፤ ትራፊክ ያስቆመዋል እንጂ።»

«እዚህ ትራፊክ አለ?»

«የለም።»

ተሳቀ። ተወሰነ። ስብሰባው በጸሎት ተዘጋ። በማግሥቱ መሰላሉ ቆመ፣ አራቱ ብሎኖች ተፈቱ፣ ታርጋው ወረደ፣ ከመድረኩ በላይ በሃያ ሚስማር ተመታ። ቀዳዳው ግጥም አለ! ጽሑፉ ወደ ውስጥ ዞሮ፣ ያውም ተገልብጦ፣ ከመድረኩ አናት ላይ ቀረ። ጋሽ ኤርዶሎ አራቱን ብሎኖች በጨርቅ ጠቅልሎ ለአየለች ሰጣት፤ «አስቀምጪልኝ፣ ብሎን አይጣልም» አላት። በሚቀጥለው እሑድ ወንጌላዊው በደረቅ ልብስ ሰበከ። ሁሉም «አሜን» አለ።

ጥቅምት ገባ። ነፋሱ እንደ ልማዱ ከምሥራቅ ተነሣ። ጋሽ ኤርዶሎ ፍሬኑን ለቀቀ። መንኮራኩሩ ትንሽ ዞር አለ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ራሱን እንደ መነቅነቅ አለና ጎኑን ለነፋሱ ሰጥቶ ቆመ። ነፋሱ በአጠገቡ ያልፋል፤ እሱ ቆሟል። አንዳንድ ቀን ይደናገርና ሁለት ዙር ይዞራል፣ ደግሞ ዞር ብሎ ይቆማል። ገንዳው ደረቀ።

ጋሽ ኤርዶሎ ያላደረገው ነገር የለም። ዘይት ቀየረ። ግራሶ ቀባ። ከፓምፑ ውስጥ ያለውን ቆዳ አውጥቶ በአዲስ ተካ። ቱቦውን ፈትቶ ገጠመ። ከተማ ድረስ ሄዶ ባለሙያ ለመነ፤ ባለሙያውም ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ «ዕድሜው ነው አባባ፣ አርጅቷል» ብሎ መለሰው። ጋሽ ኤርዶሎ ከዚያ መልስ በኋላ ሰው ሲያርፍበት እንደሚሆነው ሆነ። ምግብ አልበላ አለ።

ሴቶቹስ? ሴቶቹ ሦስት ሰዓት ሄደው ከወንዝ ይቀዱ ጀመር። ሦስት ሰዓት ባዶ ጀሪካን፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ጀሪካን። አየለች ዕድሜዋ ሃምሳ አልፏል፤ አንድ ቀን መንገድ ላይ ወገቧ ያዛትና ተቀምጣ አለቀሰች። ያለቀሰችው ለወገቧ አልነበረም፤ ጀሪካኑ ተደፍቶባት ነው። ሰዎች መሄድ ጀመሩ። አንዱ ቤቱን ነቅሎ ወደ ሐይቁ ዳር፣ ሌላው ወደ ዘመዶቹ ሄደ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከመንደሩ ግማሹ ባዶ ሆነ።

ወጣቱ ወንጌላዊ ምን አደረገ? ሰበከ! ምን ብሎ ሰበከ? «እግዚአብሔር ነፋሱን ከለከለን!» ብሎ። ሁለት በጋ ሙሉ! «ኃጢአታችን ነው፣ ነፋሱን ከመንደራችን ወሰደው» ይላል፣ ነፋሱ ደግሞ በመስኮት ገብቶ የስብከት ወረቀቱን ከእጁ ይነጥቀዋል። እሱ ወረቀቱን ከወንበር ሥር እየለቀመ «ነፋስ ስጠን ጌታ ሆይ!» ይላል። ከራሱ በላይ ያ ቆርቆሮ በነፋሱ ይንጓጓል። ጓ፣ ጓ፣ ጓ! አንድም ሰው «ይህ የሚንጓጓው ምንድን ነው?» አላለም። ዓይናችንን ወደ ላይ አንሥተን ስንጸልይ የተገለበጡትን ነጭ ፊደሎች እናያቸው ነበር። «እናያቸው» አልኩ? አዎ፣ እኔም ነበርኩ። ታገሡኝ፣ እመጣበታለሁ።

በሁለተኛው ዓመት የካቲት ላይ ሽማግሌዎቹ አንድ ነገር ወሰኑ። በመጪው እሑድ፣ ከአምልኮ በኋላ፣ የቀረው ሰው ሁሉ የሚነሣበት ቀን ይቆረጣል። መንደሩ ይፈርሳል። ቤተ ክርስቲያኑም ይዘጋል። ከዚያ በፊት ግን አንድ የመጨረሻ ነገር ይሞከር ተባለ። ከመንደሩ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ፣ ከተራራው ትከሻ ላይ፣ መንግሥት ትልልቅ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች እያስተከለ ነበር። «ሄደህ የውኃ ቦቴ ለምንልን» ብለው ጋሽ ኤርዶሎን ላኩት። ቅዳሜ ሌሊቱ ሲነጋ ተነሣ።

ወገኖቼ፣ እነዚያን ማማዎች አይታችኋል? ከመኪና መንገድ ሳይሆን ከሥራቸው ቆማችሁ አይታችኋል? እኔ አይቻለሁ፤ ሄጄ፣ አንገቴ እስኪያመኝ ድረስ ቀና ብዬ አይቻለሁ! ነጭ ናቸው። አንዱ ክንፍ ብቻ መሬት ላይ ቢተኛ ይህን አዳራሽ አልፎ በሩን ወጥቶ አስፋልቱ ላይ ይደርሳል። ሲዞሩ ደግሞ ቀስ ብለው ነው፤ ሹ... ሹ... ሹ... የችኮላ ሩጫ የለባቸውም። እናም ከዚያ ከቀስታው ውስጥ የከተማ መብራት ይወጣል! የዳቦ ቤት ምድጃ፣ የሆስፒታል መብራት፣ የልብስ ስፌት መኪና! ከምን? ኮፍያችንን ሲወስድብን ከምንረግመው ከዚያው ነፋስ!

ጋሽ ኤርዶሎ ደረሰና ቀና አለ። ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ ምን አለ መሰላችሁ? «ይሄ የእኛ ወፍጮ ነው!» አለ። የቆሙት ሠራተኞች ሳቁ። «አባባ፣ ይሄማ ወፍጮ አይደለም» አሉት። «አይደለም ትላላችሁ! ነፋስ ያዞረዋል አይደል? ወንድሙን የማላውቅ ይመስላችኋል?»

አንዲት መሐንዲስ ግን አልሳቀችም። ትርሲት ትባላለች፤ ራሷ ላይ የፕላስቲክ ቆብ አድርጋ፣ ጫማዋ ጭቃ ነክቶት ከማማው በር ወጣች። «አባባ እውነታቸውን ነው» አለቻቸው ለሠራተኞቹ። «እኛ ምን ፈጠርን? የጥንት ሰዎች በነፋስ እህል ፈጩ፣ ውኃ ሳቡ፤ እኛ የእነሱን ትምህርት ወስደን አሳደግነው። ይሄ የእርስዎ ወፍጮ የልጅ ልጅ ነው አባባ። ለመሆኑ አያትየው ደኅና ነው?»

ጋሽ ኤርዶሎ ይህን ሲሰማ ዕንባው መጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ወፍጮው ጤና የጠየቀው ሰው አልነበረም። የውኃ ቦቴውን ረሳው። «ታሟል ልጄ» አላት። ዘይቱን፣ ቆዳውን፣ ቱቦውን፣ አንድ በአንድ ነገራት። እሷም እንደ ሐኪም ሰማችው።

ከዚያ፦ «አባባ፣ አውድማ ላይ እህል አበጥረው ያውቃሉ?» አለችው።

«ከተወለድኩ ጀምሮ።»

«መንሹን ከማንሣትዎ በፊት መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?»

«ነፋሱን አያለኋ! ገለባ ቆንጠር አድርጌ ወደ ላይ እጥላለሁ። የሄደበትን አይቼ ቦታዬን እይዛለሁ። ሳያይ የሚያነሣማ ገለባውን ራሱ ላይ ነው የሚደፋው።»

«ይሄም እንደዚያ ነው የሚያደርገው» አለችና ጣቷን ወደ ሰማይ ቀሰረች። «ከላይ ጀርባው ላይ ትንሽ ነገር ትታይዎታለች? እጅ የምታክል? ያቺ ነፋስ ጠቋሚ ናት። መብራት አታመነጭም። አንድ አምፖል እንኳ አታበራም። ሥራዋ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ብቻ ነው። እሷ ስትናገር ይሄ ሁሉ ብረት ራሱን አዙሮ ፊቱን ለነፋሱ ይሰጣል። እሷ ከተበላሸች የዚህ ሁሉ ጉልበት ዋጋ የለውም፤ ማሽኑን እናቆመዋለን።»

ጋሽ ኤርዶሎ እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ወደ ላይ ያያል።

«የእናንተ ዓይነቱ ወፍጮ ደግሞ ለዚሁ ሥራ ጅራት አለው» አለች ትርሲት። «ከኋላ በረጅም ብረት ላይ የሚታሰር ሰፊ ቆርቆሮ። ነፋሱ ጅራቱን ይገፋዋል፣ ጅራቱ መንኮራኩሩን ወደ ነፋሱ ያዞረዋል። ጅራቱ ደኅና ነው አባባ?»

አይ ወገኖቼ! የዚያን ሰው ፊት ባየሁት!

«ታርጋው!» አለ።

«ምን ታርጋ?»

«ታርጋው ነዋ ልጄ! ታርጋው!» ኮፍያውን አነሣ፣ ቁልቁለቱን ተያያዘው። «አባባ፣ ይረፉ፣ መሽቷል፣ ነገ በመኪና እናደርስዎታለን» ብትለውም ማን ሰምቷት! እኩለ ሌሊት ላይ ከመንገድ ዳር ከአንድ ዘመዱ ቤት ዐረፈ እንጂ አልተኛም፤ እሑድ ጎሕ ሲቀድ እንደገና መንገድ ጀመረ።

እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቷል። የመጨረሻው እሑድ ሊሆን ይችላል ብለው የሄዱት ሁሉ ሳይቀሩ መጥተዋል። ወጣቱ ወንጌላዊ መድረኩ ላይ ቆሟል። ሁሉም ተነሥቶ ይጸልያል፣ ያለቅሳል። ወንጌላዊው እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ጌታ ሆይ፣ ከላይ መልስልን! ከላይ!» ይላል።

ከላይ ዷ! አለ።

ደግሞ ዷ! ዷ! ከዚያ የሚስማር መነቀል፤ ሲጥጥጥ! ጣራው ላይ ሰው አለ። አቶ ሎምባሞ ሮጠው ወጡ። «ኤርዶሎ! አብደሃል እንዴ? የእግዚአብሔርን ቤት ታፈርሳለህ?»

ጋሽ ኤርዶሎ ከጣራው ላይ ሆኖ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ ምን ብሎ መለሰ? «ጸሎታችሁን አታቋርጡ! እናንተ ጸልዩ፣ እኔ መልሱን ልንቀል!»

ሃያኛው ሚስማር ተነቀለ። ቆርቆሮው ተነሣ። የቀን ብርሃን በዚያ ቀዳዳ ወርዶ በወንጌላዊው ራስ ላይ አረፈ። ከብርሃኑ ጋር ደግሞ ሌላ ነገር ገባ። ነፋስ! ያ ሁለት ዓመት «የለም» የተባለው ነፋስ ቁልቁል ገብቶ የስብከቱን ወረቀት አንድ ሳያስቀር በተነው።

ያ ወንጌላዊ ማን ነበር? እኔ ነኝ። እኔ ራሴ፣ ፊታችሁ የቆምኩት። ያ ቆርቆሮ የተፈታው የእኔ ራስ እንዳይርስ ነበር። መሰላሉንም ከያዙት ሦስቱ አንዱ እኔ ነበርኩ፤ አጨብጭቤያለሁ። ከዚያም በዚያው ቆርቆሮ ሥር ደርቄ ቆሜ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በእግዚአብሔር ላይ አሳበብኩ። «ነፋሱን ከለከለን» አልኩ። እሱ አንድ ቀን እንኳ አልከለከለም። አየለችን በዚያ መንገድ ላይ ያስለቀስናት እኛ ነን፤ ያውም ከመልካም አሳብ የተነሣ።

ማንም ወንበሩ ላይ አልተመለሰም። ጉባኤው በሙሉ ወደ ወፍጮው ሮጠ። መሰላሉ ቆመ። ጋሽ ኤርዶሎ ፍሬኑን ያዘና ጅራቱን ተሸክሞ ወጣ፣ ከዚያ ከላይ ሆኖ ፊቱ ጠቆረ። «ብሎን! ብሎን የለኝም!»

ከታች አየለች በእጇ ጨርቅ ይዛ ቆማለች። «አንተ ሰውዬ፣ ብሎን አይጣልም ያልከኝን ረሳኸው?» አለችው። ባሏን ጣራ ላይ እንዳየችው ቤቷ ሮጣ አምጥታው ነበር። አራቱም ነበሩ፤ አንድ አልጎደለም።

አራተኛው ጠበቀ። ጋሽ ኤርዶሎ ወረደና ፍሬኑን ለቀቀ። መጀመሪያ ጅራቱ ተንቀሳቀሰ። ነፋሱ ገፋው፤ ጅራቱ ወደ ምዕራብ ዞረ፤ ያ ዝምተኛ መንኮራኩር እያቃሰተ ፊቱን መለሰ፣ መለሰ፣ መለሰ፣ ወደ ምሥራቅ ቀና አለና ነፋሱን በደረቱ ተቀበለው። ከዚያማ ምን ልበላችሁ! ዞረ! ቅጠሎቹ እስከማይለዩ ድረስ ዞረ! ብረቱ ይመታል፤ ቋ፣ ቋ፣ ቋ! ቱቦው ተንጎራጎረ፣ አቧራ ተፋ፣ የዛገ ቀይ ውኃ ተፋ፣ ከዚያ ንጹሕ ውኃ ገንዳው ውስጥ ወረደ። አየለች በሁለት እጇ ዘግና ፊቷን ታጠበች። ከዚያ እልል አለች። አቶ ሎምባሞ፣ እኒያ ኮስታራው ሰው፣ ልብሳቸውን እንደለበሱ ገንዳው ውስጥ ተቀመጡ! በዚያ ቀን የመነሻ ቀን አልተቆረጠም። እስከ ዛሬም አልተቆረጠም።

አሁን እጃችሁ ደረታችሁ ላይ ነው? እስቲ ልጠይቃችሁ።

እናንተስ ምን ፈታችሁ?

ጅራት ውኃ አይስብም። ጅራት አይዞርም፣ አይፈጭም፣ ሪፖርት ላይ አይጻፍም። ጅራት አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ፊትን ወደ ነፋሱ ማዞር። ስለዚህ ሥራ ሲበዛ መጀመሪያ የሚፈታው እሱ ነው። «ይሄ ምን ይሠራል?» ይባላል። ማታ ማታ ከልጆቻችሁ ጋር ተንበርክካችሁ የምትጸልዩዋት አምስት ደቂቃ፤ ምን ትሠራለች? ጠዋት ስልካችሁን ሳታነሡ ዝም ብላችሁ በእግዚአብሔር ፊት የምትቀመጡባት ጊዜ፤ ምን ታፈራለች? ስትሳሳቱ ፊት ለፊት የሚነግራችሁ ያ አስቸጋሪ ወዳጅ፤ ምን ይጠቅማል? «ጌጥ ነው፤ ታርጋ ነው» ትሉና ትፈቱታላችሁ።

ደግሞ ስሙኝ! ለክፉ ነገር አይደለም የፈታችሁት። ስለ ዝሙት ብሰብክ ግማሻችሁ «እኔን አይመለከትም» ትሉ ነበር። እኛም ለክፉ አልፈታነውም፤ የእግዚአብሔርን ቤት ነው የደፈንንበት! አንተ በመዘምራን ውስጥ ያለኸው፣ ሦስት ልምምድ በሳምንት፣ ለብቻህ ለእግዚአብሔር የዘመርከው መቼ ነው? አንቺ የኮሚቴ ጸሐፊዋ፣ የጸሎት ፕሮግራም አውጥተሽ ለሁሉም ታድያለሽ፤ አንቺስ የምትጸልዪው ስንት ሰዓት ነው? እኔስ? ስብከት ለማዘጋጀት ብዬ ጸሎቴን ስንት ጊዜ ፈትቼ ጣራ ደፈንኩበት? በፈታነው ነገር ሥር ቆመን፣ ደርቀን፣ «ጌታ ሆይ፣ ለምን ዝም አልከን?» እንላለን። ከራሳችን በላይ ግን ይንጓጓል። ጓ፣ ጓ፣ ጓ!

አዲስ ነፋስ አትለምኑ። ያ ተራራ ላይ ያለው ነጭ ግዙፍ ማሽን አዲስ ነፋስ አልፈጠረም፤ አያቱን ያዞረው ነፋስ ነው እሱንም ያዞረው። አንድ ገንዳ የሞላው ነፋስ ዛሬ ከተማ ያበራል! ነፋሱ አልጨመረም፤ ፊቱን አዙሮ የተቀበለው አደገ እንጂ። ታዲያ እናንተ በዚህ ነፋስ መካከል ጎናችሁን ሰጥታችሁ እስከ መቼ ትቆማላችሁ?

«ፓስተር፣ የፈታሁት ብዙ ዓመቱ ነው፤ ተጎድቷል፣ ተበስቷል» ትሉኝ ይሆናል። ያ ጅራትም ሃያ የሚስማር ቀዳዳ ይዞ ነው የተመለሰው። ዛሬ ወደዚያ መንደር ብትሄዱ ነፋሱ በቀዳዳዎቹ ሲያልፍ ከሩቅ ያፏጫል። ጋሽ ኤርዶሎ በደስታ ነው የሚሰማው። አውድማ ላይ ነፋስ ሲዘገይ ማፏጨት የአባቱ ልማድ ነበር፤ «አሁን ወፍጮው ራሱ ያፏጫል» ይላል። ነፋሱ «ይህ ቆርቆሮ የተበሳ ነው» ብሎ አላለፈውም።

ጣራውስ ምን ሆነ? አትሉኝም? በዚያው ዓመት ሰኔ ገባ። መንገዱ ተቆረጠ። ዝናቡ እንደ ድሮው ምእመናኑን ሁሉ ትቶ እኔን መታኝ። አቶ ሎምባሞ ተነሥተው፣ «ወንጌላዊ፣ ምን እናድርግልህ?» አሉኝ። በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ወፍጮው ቆሟል፣ ጅራቱ በቦታው አለ።

እኔም አልኳቸው፣ ዛሬ ለእናንተም የምላችሁ ይህንኑ ነው። አትንኩት። ጣራው ያፍስስ። እኔ ጃንጥላ እይዛለሁ።